«ስለ እኛ» የሚለውን ማን ይጻፈው?

አልጋ ማንጠፍ፣ ጄኔሬተር ማስነሳት፣ ሰክሮ የሚጮህ እንግዳ እስከ በር መሸኘት፤ ይሄ ሁሉ ለእኔ ምንም ነው። ምላሷ ረጅም ነው ይሉኛል፣ ልክ ናቸው። አንዲት ገጽ ጽሑፍ ግን እንዲህ መሬት ለመሬት ትጎትተኛለች ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

ጭሮ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንዲት ፔንሲዮን አለችን። አለችን የምለው እኔና እናቴ ነን። ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ አልጋ ነው። የቤቱ ስም የእኔ ስም ነው፤ እኛ ዘንድ ሰው ቤት ሲከፍት በልጁ ይሰይማል፣ እማዬ ደግሞ ከእኔ ሌላ ልጅ የላትም። ደንበኞቻችን ለስብሰባ ከየወረዳው የሚመጡ ሠራተኞች፣ ከሌላ ክልል ተመድበው የሚከራዩት ቤት እስኪያገኙ የሚያርፉ መምህራንና ነርሶች፣ ለንግሥ ከሐረርና ከድሬዳዋ ወደ አሰቦት ገዳም የሚሄዱ ምእመናን ናቸው። ነበሩ ልበል መሰለኝ። ከፊት ለፊታችን መስታወት በመስታወት የሆነ ሆቴል ተከፈተና እንግዳው ሁሉ ሻንጣውን እየጎተተ፣ «በስልኬ አይቼ ከቤቴ ሳልወጣ ነው የያዝኩት» እያለ ወደዚያ ይሻገር ጀመር። እኛ ስልክ ላይ የለንም። ያለነው መንገድ ላይ ነው፣ መንገዱን ደግሞ ማንም ቀና ብሎ አያየውም።

አንድ የቆየ ደንበኛችን አዘነልንና ዌብሳይት የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ ስልክ ሰጠኝ። ደወልኩላት። ቀልጣፋ ናት፤ ፎቶውን እኔ አነሳለሁ፣ ዋጋውንና የክፍሉን ዓይነት አንቺ ትልኪልኛለሽ፣ አለቀ አለችኝ።

«አንዲት ገጽ ብቻ አለች» አለች ቀጥላ። «‹ስለ እኛ› የምትል። ሰው የማያውቀው ከተማ አልጋ ከመያዙ በፊት እሷን ነው የሚያነበው። ቤቱን ማን ጀመረው? እንዴት ጀመረው? እሷን ማን ይጻፋት?»

«እናስብበት» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

እማዬ አጠገቤ ምስር ትለቅም ነበር። ምን አለች ስትለኝ፣ ቤቱ እንዴት እንደተጀመረ የሚናገር ጽሑፍ ትፈልጋለች አልኳት። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ፊቷ ላይ የመጣውን ደስታ አሁንም አልረሳውም።

«እንግዲያ እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊያ!» አለች። «ፊደል ባልቆጥርም አፍ አለኝ።»

አፍስ አላት። ችግሩም እሱ ነው፤ የምትናገረው እውነቱን ነው።

እውነቱ ይሄውላችሁ። የእኛ ቤት የተጀመረው በእንቁላል ነው። አባቴ ሲሞት የምንኖረው እዚሁ መንገድ ላይ ባለችው ሂርና ከተማ ነበር። እማዬ እኔን በጀርባዋ አዝላ፣ የተቀቀለ እንቁላል በሳፋ ይዛ፣ ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ቋጥራ፣ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ከመስኮት ወደ መስኮት ትሮጥ ነበር። ተሳፋሪው ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ በአማርኛም በኦሮምኛም ነው የምትጮኸው፣ «እንቁላል! ሃንቃቁ!» ከእንቁላሉ ሻይ መጣ፣ ከሻዩ ምግብ ቤት፣ ከምግብ ቤቱ ጭሮ ላይ ይሄ ቤት። ሂርና ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ ሁሉ የማውቀውን ስሜን ትተው «ሃንቃቁ» አሉኝ። ተደባደብኩ፣ ፀጉር ነጨሁ፣ ተነጨሁ። ስሙ ግን አለቀኝም፤ የለቀቀኝ ሂርናን ስለቅ ነው።

ጭሮ ላይ እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ባንክ ስገባ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ወንበር ይስብልኛል። የቢሮ ኃላፊዎች ሰርግ ሲደግሱ እጠራለሁ። እናትሽ ምን ነበሩ ሲሉኝ «ነጋዴ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። አለመዋሸትን እንደ ሙያ ይዤው ነበር።

እንቁላል መሸጥ ነውር ነው ወይ ብትሉኝ ወገቤን ይዤ እከራከራችኋለሁ። ምን ነውር አለው? ሠርቶ መብላት ነው! ግን ይሄን የምለው የሰው እናት ስትሆን ነው። የራሴ እናት በሳፋ እንቁላል ይዛ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅም፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼም በስልካቸው ሊያነቡት ነው ብዬ ሳስብ ጆሮዬ ድረስ እግላለሁ። እንዲህ ነኝ።

«እማዬ፣ ይሄ የባለሙያ ነገር ነው» አልኳት። «እኔም አልችለውም።»

አልቻልኩትምም። ወረቀት ይዤ ብቀመጥ የወጣልኝ «ንጹሕ አልጋ፣ ሙቅ ውሃ፣ በቂ የመኪና ማቆሚያ» ነው። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዬ አልንቀሳቀስ አለ።

ወሬው ግን ወጣ። በረንዳችን ላይ በየቀኑ ሻይ የሚጠጡ አንድ ጡረተኛ የአማርኛ መምህር አሉ። ሂርና እያሉ እኔን ራሴን ያስተማሩ፣ ኋላ ጭሮ ተዛውረው ግማሹን ከተማ ያስተማሩ ናቸው። ሲሰሙ ሻዩን ወዲያ ገፉት።

«እኔ በሕይወት እያለሁ ለአዲስ አበባ ሰው ልታስጽፊ ነው አሉ!» አሉኝ። «ፊደል ያስቆጠረሽ ማን ሆነና?»

አስተማሪን እምቢ የሚል ሰው ካለ እስቲ አሳዩኝ። «ኧረ ጋሼ! እርስዎን ለማስቸገር ፈርቼ እንጂ ከእርስዎ ወዲያ ማን አለ» አልኩ። እሳቸውም ወዲያው ዓይናቸው በራ።

«መግቢያውን አግኝቼዋለሁ! ‹ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል!› ከዚህ የተሻለ መግቢያ ከየት ይመጣል? ተረቱም የአገር፣ እንቁላሉም የእናትሽ!»

«ጋሼ፣ እንቁላሉን ይተዉልኝ» አልኩ።

«እንዴት ተደርጎ? ዋናው እሱ አይደለም እንዴ?»

«ይተዉልኝ አልኩ እኮ።»

ድምፄ ከመጠን በላይ ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። ያ አስተያየት ክፍል ውስጥ ኩረጃ ሲይዙ የሚያዩት ነው። መልሰው አጠለቁትና «እሺ፣ እንዳልሽ» ብለው ሄዱ።

ጽፈው ሲመጡ ቆመው አነበቡልን። ድረ ገጽ ነው የሚሉት፣ ዌብሳይት አይሉም። ጽሑፉ ከጭሮ ተራሮች ይነሣል፣ ወደ አየሩ ጠባይ ይሻገራል፣ ለእንግዳ ተቀባዩ ሕዝብ ምስጋና ያቀርባል፣ ለሰላም ይመኛል፣ ለሚመለከታቸው አካላት ሁሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ እጅ ይነሣል። የትምህርት ቤት መዝጊያ ንግግር ነው እንጂ ምኑ የአልጋ ማስታወቂያ ነው! ሚኒባስ መጥቶ ሞልቶ ሄደ፣ ጋሼ አልጨረሱም። እማዬ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንዴት ያምራል» አለች። ትንሽ ቆየችና፣ «ግን እኔ የታለሁ?»

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ወደ መንገዱ ዞርኩ። የጫት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ በረረ።

«በሁሉም ውስጥ አለሽበት» አሏት ጋሼ በመጨረሻ። ለእኔ ብለው ነው። እሳቸውን ሳስዋሽ ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን የፈራሁት እማዬ ደግማ እንዳትጠይቅ ብቻ ነበር።

ጽሑፉ አይሆንም ብሎ የሚነግራቸው አልተገኘም፤ እኔ ነኝ የምነግራቸው? ለአዲስ አበባዋ ልጅ ላክሁላት። ሳቋን አፍና ደወለች። «ይሄ እኮ ንግግር ነው» አለች። «እንዲህ እናድርግ፤ ለፎቶው ስመጣ ቤቱን ራሴ ልየው፣ ሰዎቹን ላነጋግርና ልጻፈው?»

አቤት ደስ ሲለኝ! እንግዳ ሰው የሚያየው ያሳየሁትን ነው። ሂርናን አታውቅ፣ እንቁላሉን አታውቅ። ለጋሼ «የእርስዎ ጽሑፍ ለትልቅ በዓል ነው የሚሆነው፣ እናስቀምጠዋለን» አልኳቸው፤ አመኑኝም አላመኑኝም ሻያቸውን ጠጡ። ለእማዬ ደግሞ ባለሙያዋ ራሷ እንደምትጽፈው ነገርኳት።

«እኔን ትጠይቀኛለች?» አለች።

«ትጠይቅሻለች» አልኩ። ምን ልበል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማዬ ስትዘጋጅ ሰነበተች። ነጭ ነጠላዋን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጣጥፋ አልጋዋ ላይ አስቀመጠች። ወጥ ቤት ውስጥ ለምግብ አብሳይዋ ስትለማመድ እሰማታለሁ። «ከየት ልጀምር ትያለሽ? ከአባቷ ሞት ነው ወይስ ከመጀመሪያዋ ዶሮ?» «ከዶሮዋ ይሻላል፣ ሞት ሰው ያሸሻል» ትላታለች አብሳይዋ። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔ ግድግዳው ወዲያ ቆሜ፣ ባለሙያዋን እንዴት ከእኔ ሳትላቀቅ ከተማውን አዙሬ እንደምመልሳት አስብ ነበር።

ልጅቷ ከተባለው ሰዓት ቀድማ መጣች። ካሜራዋን አንግታ፣ አቧራዋን እያራገፈች ገባችና ገና ሰላም ሳንባባል ሳቀች። «ቤቱ ደስ ይላል! እናትሽ አሉ? ከሳቸው ነው መጀመር የምፈልገው።»

«እማዬ የለችም» አልኩ። «ለቅሶ ደርሷት ሂርና ሄዳለች።»

በስመ አብ! ከየት አመጣሁት? አስቀድሜ ያሰብኩት ነገር አይደለም። አፌ ብቻውን ሄደ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፤ ምክንያቱም ዘወር ስል እማዬ የውሃ ጠርሙስ በትሪ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። እንግዳዋ ቀድማ ስለደረሰች ልብስ አልቀየረችም፤ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ በነጠላ ጫማ ነበረች። ነጩ ነጠላ ጓዳ ነው።

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠቻትና «እኚህስ እናት?» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እማዬ አየችኝ። አስተያየቷ የቁጣ ቢሆን እሸከመው ነበር። ልጅ ሆኜ ወንዝ ስንሻገር ስፈራ የምታየኝ ዓይነት ነው ያየችኝ።

«እኔ እዚሁ የምሠራ ነኝ፣ ልጄ» አለቻት። «ከድሮ ጀምሮ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ጎንበስ ብላ፣ «ውሃውን እዚህ ላስቀምጥልዎት፣ እትዬ?» አለችኝ።

እናቴ አንቱ አለችኝ። እትዬ አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ሲባል ቀልድ ይመስለኝ ነበር።

እዚያው ላይ «ስቀልድ ነው! እናቴ እኮ ናት!» ብዬ ብስቅ ያልቅ ነበር። ግን እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው የተናገረውን እንግዳ ፊት አያርሙም፤ እማዬን ማረም እሷን ውሸታም ማድረግ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ጠዋት አልኩ። ምክንያት የሚፈልግ ሰው መቼ አጥቶ ያውቃል!

ልጅቷ ከእማዬ ጋር ወዲያው ገጠመች። እኔ የጭሮን ገበያ፣ ዳገቱን፣ ከተማው ከላይ የሚታይበትን ሰገነት ላሳያት ስል እሷ ከጓሮ አትጠፋም። እማዬ አንሶላ ታሰጣለች፣ እሷ መቆንጠጫ እያቀበለች ታወራታለች። ከእንግዳ መቀበያው መስኮት አያቸዋለሁ። እማዬ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ መስኮት እንደምታንኳኳ አድርጋ አሳየቻት። እንቁላሉን እየነገረቻት ነው። የተለማመደችውን ሁሉ፣ ከዶሮዋ ጀምሮ፣ እየነገረቻት ነው። እኔ ያለሁበትን ትታው እንደሆነ ብቻ ማወቅ አልቻልኩም።

ሁለተኛው ቀን ላይ ጋሼ ሻይ ሊጠጡ መጡ። ገና ወንበር ሳይስቡ ወደ እማዬ ዞረው «ባለሙያዋ ይቺ ናት? ታሪክሽን ነገርሻት?» ሊሉ ሲሉ እማዬ ፈጥና በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አለቻቸው። ጋሼ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እማዬ ሻያቸውን አስቀምጣ ትሪዋን ደረቷ ላይ ታቅፋ ወደ እኔ መጣች።

«ለእርስዎም ላምጣ፣ እትዬ?»

«አልፈልግም… እማማ» አልኩ። እማማ የሚሏት ሠራተኞቹ ናቸው።

ጋሼ ያን ቀን ሻዩን አልነኩትም። ኮፍያቸውን አንሥተው፣ ተሰናብተዋት፣ እኔን ሳይሰናበቱ ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሻይ የሚጠጡት ሌላ ቤት ነው።

ማታ እራት ላይ ልጅቷ፣ «እማማ እኮ ወርቅ ናቸው! ከየት አገኘሻቸው?» አለችኝ።

«ከሂርና» አልኩ። አያችሁ፣ አልዋሸሁም።

ስትሄድ ቦርሳዋን እስከ ባጃጁ የተሸከመችላት እማዬ ናት። እኔ ቁርስ የሚከፍል እንግዳ ይዞኝ እንደሆነ ሁሉ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከበረንዳው ሲነጋገሩ አየሁ፣ ተቃቅፈው ተሳሳሙ፣ ባጃጁ ዳገቱን ወረደ። እማዬ ተመልሳ ሽርጧን ፈታችና ምስማሩ ላይ ሰቀለችው።

«እማዬ…» አልኩ።

«ራበሽ፣ ኢንተላ ኮ?» አለችኝ። ልጄ ማለቷ ነው፤ ሆዷ ሲባባ ኦሮምኛው ይቀድማታል። አንቺ ስላለችኝ ብቻ እንባዬ መጣ። አልቅሼ ይቅርታ ልጠይቃት ስል፣ ማዕዱ ይቀዘቅዛል ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። ነጭ ነጠላውን ኋላ ሳጥን ውስጥ አየሁት፣ እንደታጠፈ ነው።

ጽሑፉ በቴሌግራም መጣ። «አንብቢውና እሺ ካልሽ ይወጣል» ይላል። አነበብኩት። ተቀመጥኩ። እንደገና አነበብኩት። እማዬ ከስልኩ ድምፅ አውቃ «መጣ?» አለች። አጠገቤ ተቀመጠች፣ ፀጉሯን ወደ ሻሿ ከተተች፣ ቤተ ክርስቲያን ወንጌል ሲነበብ እንደምትሆነው ሆነች። «በይ ከመጀመሪያው» አለችኝ።

ከመጀመሪያው አነበብኩላት።

«ሂርና ላይ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር አንዲት እናት ከመስኮት መስኮት ትሮጥ ነበር። በሳፋዋ የተቀቀለ እንቁላል፣ በጀርባዋ ሴት ልጅ። ‹እንቁላል! ሃንቃቁ!› ትላለች፣ ማንም ሳይገባው እንዳይቀር። እንቁላል ሲሰበርባት ለልጇ ታጎርሳታለች፤ ‹አንዳንዴ ሆን ብዬ እሰብር ነበር› ይላሉ ዛሬ እየሳቁ።»

ይሄን እኔም አላውቀውም ነበር። ማንበቤን አቆምኩ። «ቀጥዪ» አለችኝ እማዬ።

«ያቺ ልጅ ዛሬ የት ናት ብዬ ጠየቅኋቸው። ‹ትልቅ ሰው ሆናለች› አሉኝ፣ ዓይናቸው በርቶ። ‹ሩቅ ናት።› እኚህን እናት ከመንገድ ዳር አንሥታ ቤትና ሥራ የሰጠቻቸው የዚህ ቤት ባለቤት ናት። እዚህ ሠራተኛው እንደ ቤተሰብ ነው። እርስዎም ሲመጡ እንደዚያ ይሆናሉ።»

ከጽሑፉ በላይ የእማዬ ፎቶ አለ። አንሶላ እያሰጣች፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ትስቃለች።

አንብቤ ስጨርስ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። እሷ ግን ጉልበቷን መታ መታ አደረገች፣ እንደ ልጅ ደስ ብሏት።

«ሃንቃቁውን እንኳ አልረሳችውም!» አለች። «እንዳልኳት ነው የጻፈችው። ጎበዝ ልጅ ናት። ይውጣ በያት።»

«እንዴት ይውጣ? እማዬ፣ እኔ አነሣኋት ይላል እኮ!»

«ታዲያ አላሳረፍሽኝም?»

«አንቺ ነሽ እኔን ያነሣሽኝ! አንቺ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ላይ እንደምጮህ እንኳ አላውቅም፤ ንዴቴ ሁሉ በራሴ ነው፣ የሚደርሰው ግን እሷ ላይ ነው።

«ቀስ በይ፣ ክፍል ውስጥ እንግዳ አለ» አለችኝ። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ፎቶዋን በአውራ ጣቷ ጠረግ አደረገችው። «እንዲህ ይሻላል። እንቁላሉም ተጻፈ፣ አንቺም አላፈርሽ። ሁለታችንም አገኘን።»

ይሄን ስትል ምሬት የለባትም። ሁለት እንግዳ አንድ ክፍል ሲፈልጉ እንደምታስታርቀው ነው ያለችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁና ለልጅቷ ደወልኩላት። ሰላምታውንም አላስጨረስኳት።

«ጽሑፉ አይወጣም» አልኳት።

«ለምን? ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እማማ ያልሻት እናቴ ናት። ሂርና አልሄደችም ነበር። ያቺ የታዘለችው ልጅ እኔ ነኝ።» አንዴ ከጀመርኩ አፌን የሚይዘው አልነበረም፤ ለቅሶውን፣ አንቱታውን፣ የጋሼን እንቁላል ሁሉ ነገርኳት። «ያነሣኋት እኔ አይደለሁም። ገጿን እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋታለሁ። ስሟንም አስገብቼ።»

ተቆረጠ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

«ወይኔ» አለች በመጨረሻ። «ወይኔ ጉዴ! ስሄድ እኮ ጉርሻ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ባጃጁ ጋ፣ እጃቸው ላይ። እናትሽ መሆናቸውን ባውቅ እንዴት አደርገዋለሁ! በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጎንበስ ብለው አመሰገኑኝ። መረቁኝ እንኳ።»

«ምን ብላ?» አልኳት።

«ሰምቼው የማላውቀው ምርቃት ስለሆነ አልረሳሁትም» አለችኝ። «‹ልጅሽ የማያፍርብሽ እናት ያድርግሽ› ነው ያሉኝ።»